ሴቩ የት ይደር?

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ ዓለም ገና የሆነ ነው። ከአየር ጤና ተሳፍራችሁ፣ ወለቴን አልፋችሁ፣ የጅማው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰበታ ሲነጉድ የቡታጅራው ደግሞ ወደ ግራ የሚገነጠልበት ቦታ ያለችው ዓለም ገና። በ2015 ዓ.ም. ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሸገር ከተማ በሚል አንድ ስም ተጠቃለዋል፤ ወያላው ግን ዛሬም የሚጣራው «ዓለም ገና፣ ዓለም ገና፣ አንድ ሰው!» እያለ ነው። እኔም እዚያው አስፋልቱ ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፎርማት ማድረግ፣ ኪቦርድ መቀየር፣ ቻርጀር መሸጥ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው።

እናላችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወንድምና እህት ተከታትለው ገቡ። ፊታቸውን ሳይ ወይ ላፕቶፕ ወድቆባቸዋል ወይ ሰው ሞቶባቸዋል ብዬ ደነገጥኩ። ሁለቱም አልነበረም። ወንድምየው ሃያዎቹን ያጋመሰ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። እህትየው አካውንቲንግ ተማሪ ናት። የእሱ ዕቁብ ወጣለት፤ እሷም ለሰው ጽሑፍ እየተየበች ያጠራቀመቻት ገንዘብ አለች። ሁለቱን ደምረው ለጋራ የሚሆን አንድ ዕቃ ሊገዙ ተስማሙ። እስከዚህ ድረስ ፍቅር ነበር። ጠቡ የመጣው ዕቃው ምን ይሁን ሲባል ነው። እሱ ፕሌይስቴሽን አለ፤ እሷ ላፕቶፕ አለች።

«ጋሼ፣ ይፍረዱን» አለች።

«አይሆንም!» አለ ወንድምየው ገና ወንበር ሳይዝ። «እርስዎ የኮምፒውተር ሰው ነዎት። ያዳላሉ።»

እውነቱን ነው፤ አንዱ ተከራካሪ ዳኛውን ከጠረጠረ ሽምግልናው አይቆምም። ስለዚህ ሁለተኛ ሽማግሌ ይጨመር ተባለና ከታች በኩል ፕሌይስቴሽን ቤት ያለውን ወዳጄን ጠሩት። ሦስተኛዋ ሽማግሌ ሳትጠራ መጣች፤ እናታቸው። ገንዘቡ ከቤቷ ሊወጣ ስለሆነ ነገሩ ያገባኛል አለችና ዘንቢሏን አስቀምጣ ተቀመጠች። ችሎቱ ተሟላ።

መጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ጌም እንደሚከራከሩ ልንገራችሁ፤ ፍርዱ ያለው እዚያው ላይ ነውና። ኳስ አይደለም። ኳስ ጌም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ነገ ከዜሮ ይጀመራል። እነዚህ ልጆች የፈለጉት ሮል ፕሌይንግ የሚባለውን ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ስም ታወጡለታላችሁ፣ ጦረኛ ይሁን ሌባ ወይም አስማተኛ ትወስናላችሁ። ሰውየው መንደር ለመንደር እየዞረ ወዳጅና ጠላት ያፈራል፣ ቃል ይገባል፣ ቃል ያፈርሳል፣ ልምዱ እየዳበረ ደረጃው ይጨምራል። ነገሩን የጀመሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1974 (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያሳትሙ ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ ነበር። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ዛሬ አንዱን ታሪክ ለመጨረስ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ጥጋጥጉን ሁሉ ልይ ላለ ሰው ደግሞ 100 ሰዓትም አይበቃውም።

100 ሰዓት በአንድ ቁጭታ አያልቅም። ዛሬ ያቆማችሁበትን ነገ የሚያገኝላችሁ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም ሴቩ ነው። እኔ እንደማየው ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ምስሉ ያምራል፣ የትኛው ይፈጥናል የሚለው ወሬ ነው። ቁም ነገሩ ያንን የመቶ ሰዓት ድካም ማን ቤት፣ በምን ላይ፣ በማን ቁልፍ ታሳድሩታላችሁ የሚለው ነው።

ይህን ከወንድምየው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ልጅ ሳለ የወዳጄ ቤት ደንበኛ ነበር። ያኔ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ፕሌይስቴሽን 2 ናቸው፤ ከበሩ አጠገብ አንድ ጆተኒ፣ ከውስጥ በኩል ወፍራም ቴሌቪዥኖች። ልጁ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ ይመጣና «ፋይናል ፋንታሲ 10» የሚባለውን በሰዓት ሒሳብ ይጫወታል። ሴቩ የሚቀመጠው በሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ፣ 8 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ጥቁር ካርድ። የቤቱ ካርድ የሁሉም ስለሆነ አላመነውም። ከትምህርት ቤት የምሳ ብሩ ቆጥቦ የራሱን ገዛና እንደ ክታብ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞር ነበር። የሚስቅበት ብዙ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ጓደኛው «የኳሱን ቡድን ላስቀምጥበት፣ አሁኑኑ እመልሳለሁ» ብሎ ለመነው። ሰጠው። ካርዱ ሞልቷል የሚል ጽሑፍ መጣ። ጓደኛውም አንብቦ አልጨረሰውም፤ ትልቁን ቦታ የያዘውን ፋይል መርጦ አጠፋው። ልጁ ሲመለስ የኳሱ ቡድን በክብር ተቀምጧል፤ የእሱ ሰው ግን የለም። የወራት ጠዋት እንዳልነበረ ሆነ። «አላለቀስኩም» ይላል እስከ ዛሬ፤ ወዳጄ ግን ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ ጌም በፈለጉት ቦታ ሴቭ አይደረግም። መንገድ ላይ የተተከሉ የሚያበሩ ሉሎች አሉ፤ እነሱ ጋ መድረስ አለባችሁ። ከሉሉ ሁለት እርምጃ ሲቀራችሁ መብራት ከጠፋ እንደገና ከታች መጀመር ነው። የዓለም ገና ልጅ ከጭራቆቹ ይልቅ የሚፈራው ቆጣሪውን ነበር።

የኮምፒውተርና የኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው የጌም ማሽን) ጠብ እኛ ሰፈር የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። በ1981 አሜሪካ ውስጥ «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» የሚባሉ ሁለት ጌሞች ለአፕል ኮምፒውተር ወጡ። ዩጂ ሆሪ የሚባል ጃፓናዊ እነሱን ተጫውቶ ወደዳቸው፤ ነገር ግን ለተራው ልጅ የከበዱ መሰሉት። አቅልሎ በ1986 «ድራገን ኩዌስት»ን ለኒንቴንዶው ኮንሶል ለፋሚኮም ሠራ። ጃፓን አበደች። ችግሩ ምን ነበር? ኮምፒውተሩ ሴቩን ፍሎፒ ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ የድራገን ኩዌስት ካርትሪጅ ግን ማስቀመጫ አልነበረውም። ስለዚህ ማቆም ሲፈልጉ ጌሙ 20 የጃፓን ፊደላት ደርድሮ ያሳያቸዋል፤ ልጆቹ ደብተር ላይ ይገለብጣሉ፣ በማግስቱ መልሰው ያስገባሉ። አንዷን ፊደል የሳተ ልጅ የትም አይደርስም። ገና ያኔ ኮምፒውተሩ ቤት ያለው፣ ኮንሶሉ ደግሞ ደብተር ይዞ የሚዞር ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ ችሎታችን እንመለስ።

ወንድምየው ተነሥቶ ተናገረ፤ አነጋገሩ ጥሩ ነበር። «ፕሌይስቴሽን ትሰካለህ፣ ትጫወታለህ። ራሙ አነሰ፣ ግራፊክስ ካርዱ አልቻለም፣ ድራይቨር አልተጫነም የሚባል ጣጣ የለም። ለፕሌይስቴሽን 4 የተሠራ ዲስክ በማንኛውም ፕሌይስቴሽን 4 ይሠራል። ጨርሼው ስሰለች ዲስኩን እሸጣለሁ ወይ ከሰው ጋር እቀያየራለሁ። እሷ ኢንተርኔት ላይ የምትገዛውን ለማን ትሸጣለች? ደግሞ ሌሊት ስሠራ አድሬ መጥቼ ወንበር ላይ ጎብጬ ኪቦርድ ልነካካ? ፍራሼ ላይ ጋደም ብዬ በትልቁ ቴሌቪዥን ነው የምጫወተው።»

የዲስኩ ነገር ቀላል ክርክር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላ መቶን አለፈ፤ የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ደግሞ 120ን ተሻግሯል። በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተጫውተው መልሰው የሚሸጡት ዲስክ ግማሽ ዕቁብ ነው። ይህን ነጥብ ለልጁ ሰጠሁት።

«ሁሉም ዲስክ ይሠራል» ያለው ላይ ግን አቆምኩት። «ሳይበርፐንክ 2077» በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከመበላሸቱ የተነሣ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ራሱ ከመደብሩ አውርዶት ለወራት ሳይሸጠው ቆይቷል። «ስካይሪም»ም በ2011 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ የታወቀ በሽታ ነበረበት፤ ሴቩ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ጌሙ እየተጎተተ ይሄዳል። ብዙ የደከመ ተጫዋች ብዙ ይቀጣል፤ እስኪጠገንም ስንቱ ተማረረ።

ወንድምየው ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። «ሳይበርፐንክ ኮምፒውተር ላይስ? ሴቩ 8 ሜጋባይት ካለፈ ይበላሽ አልነበረም?»

ነበር። የዚያኑ ወር አስተካከሉት እንጂ ነበር። ልጁ የቤት ሥራውን ሠርቶ ነው የመጣው።

እህትየው ደግሞ ስልኳ ላይ ጽፋ መጥታለች፤ ግን ሳታነብ ነው የተናገረችው። «ወንድም ጋሼ፣ ፕሌይስቴሽኑን ገዝተህ አካውንቱን በየት አገር ስም ልትከፍት ነው?» አለችው። ዝም አለ። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎቱን ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እዚህ ያለ ሰው አሜሪካ ወይ ሌላ አገር እንደሚኖር አድርጎ ነው የሚመዘገበው። ይህ እንዲሁ ስም ብቻ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሴቩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ግን የአዲሱን ጌም ሴቭ ለብቻው ፍላሽ ላይ ማውጣት አይቻልም፤ ወደ ክላውድ ነው የሚሄደው፣ ለክላውዱ ደግሞ በዶላር የሚከፈል የአባልነት ክፍያ አለ። የመቶ ሰዓት ድካማችሁ በሌላ አገር ስም በተከፈተ አካውንት፣ በሌላ አገር ገንዘብ ታድራለች ማለት ነው።

ላፕቶፕ ላይ ሴቩ አንድ ፎልደር ነው። ገልብጣችሁ በፍላሽ ታስቀምጣላችሁ፣ ለጓደኛ ትሰጣላችሁ፣ አለቀ። እርግጥ ኮምፒውተሩም ከሶኒ ገመድ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በመስከረም 2024 «ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ» ወደ ኮምፒውተር ሲመጣ የፕሌይስቴሽን አካውንት ግድ ነው ተባለና አገልግሎቱ በሌለባቸው አገሮች ሳይሸጥ ቀረ። በጥር 2025 ነው ሶኒ ነገሩን ያላላው።

«ሌላው መብራት ነው» አለች። እዚህ ላይ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ እናትየው ሳትቀር። ፕሌይስቴሽን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሲመለስ «በትክክል አልተዘጋም» የሚል ወቀሳ ያመጣና ማከማቻውን መፈተሽ ይጀምራል፤ ጥፋቱ የእናንተ ይመስል። መብራቱ የጠፋው ሴቭ እየጻፈ ሳለ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ባትሪው ላይ ጌሙ መዘግየቱ አይቀርም፤ ማሽኑ ኃይል ለመቆጠብ ግራፊክስ ካርዱን ያዝ ያደርገዋል። ቢሆንም ሴቭ አድርጎ፣ በሥርዓት ዘግቶ ለመነሣት የሚሆን ጊዜ አለ። የሚፈለገውም እሱ ነው።

ወዳጄ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ወንድምየው ዞር ብሎ አየው፤ የፕሌይስቴሽን ሰው ነውና ይደግፈኛል ብሎ ነው።

«እኔ ቤት ሮል ፕሌይንግ አላስጫውትም» አለ ወዳጄ።

ልጁ ክው አለ።

«ስማኝ። አንድ ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ልጅ ይቀመጣል፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቅ አለ። ኳሱ አለቀ፣ ተሸናፊው ከፍሎ ተነሣ፣ ሌላው ገባ። ቤቱ የሚኖረው በመፈራረቁ ነው። አንተ ያኔ ስትመጣ ብቻህን ተቀምጠህ ጽሑፍ ነበር የምታነበው። ከኋላ የቆመው ልጅ "ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው፣ ንባብ አይደለ እንዴ?" ብሎ ወደ ጎረቤት ይሄድብኝ ነበር። ስለምወድህ ነው የታገስኩህ። ፕሌይስቴሽን ለጫጫታ ነው፤ ለሁለት ጆይ፣ ለአራት ሰው፣ ለብሽሽቅ። አንተ የምትፈልገው ብቸኝነት ነው። ለብቸኝነት የሚሆን ዕቃ ግዛ።»

እኔ ብናገረው አዳላ በተባልኩ ነበር። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ምን ይባላል? በነገራችን ላይ ንባብ ነው ያለው ስድብ አይደለም። ይህ ልጅ እንግሊዝኛውን የተማረው ከዚያ ጌም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትምህርት ቤት አብረውት ከነበሩት ይልቅ ደህና አድርጎ ያነባል።

ቀጥሎ እናትየው ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ማሎ ልጆቼ! ይሄ ሁሉ ሲባል ስለ ቴሌቪዥኔ ያነሣ የለም። በቤቱ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው። ማታ ቃናን አያለሁ። ቅዳሜና እሑድ እንግዳ አለ። የእናንተን ሰይፍ የሚማዘዝ ሰው መቼ ልታስገቡት ነው?»

«ቀን ቀን ነው እማ፣ ከሥራ ስመለስ» አለ ወንድምየው ቀስ ብሎ።

«ቀን ቀን ትተኛለህ!»

የሕግ ሰዎች ይህን ምን እንደሚሉት እንጃ፤ እኛ ዘንድ ግን መዝገቡ የተዘጋው ያኔ ነው። ዓለም ላይ ስለ ኮምፒውተርና ኮንሶል ስንት ክርክር ሰምቻለሁ፤ የእናት ቴሌቪዥንን የሚቆጥር ግን አላጋጠመኝም። ፕሌይስቴሽን ብቻውን ምንም አይደለም፤ ስክሪን ይፈልጋል፤ ስክሪኑ የሰው ነው። ላፕቶፕ የራሱን ስክሪን ይዞ ይመጣል።

ላፕቶፕ ይሁን አልን። ግን እንዲሁ አልለቀቅናቸውም፤ ምን ዓይነት ላፕቶፕና ምን ዓይነት ጌም የሚለው ቀረ። እህትየው ልቧ «ባልደርስ ጌት 3» ላይ ነበር። ላሪያን የሚባል የቤልጂየም ድርጅት የሠራው ነው፤ በነሐሴ 2023 መጀመሪያ ለኮምፒውተር፣ በመስከረም ለፕሌይስቴሽን 5፣ በታኅሣሥ ለኤክስቦክስ ወጣ፤ የዚያን ዓመት ትልቁን ሽልማትም ወሰደ። ቆንጆ ነው። ግን 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ያውም ኤስኤስዲ። በሞባይል ዳታ ይህን ላውርድ የሚል ሰው ደመወዙን ለፓኬጅ ይመድብ። የ2011ዱ ስካይሪም ደግሞ 6 ጊጋባይት ቦታና 2 ጊጋባይት ራም ይበቃው ነበር። ሃያ አምስት እጥፍ ልዩነት ነው! ስካይሪም ግን በዕድሜው ምክንያት አልጠበበም። ከ2012 ጀምሮ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩለት ጭማሪ፣ ሞድ የሚባለው፣ በኮምፒውተር ላይ ተትረፍርፏል። ወደ ኮንሶል ሞዱ የደረሰው በ2016 ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ደግሞ ከውጭ የመጣ ምስልም ድምፅም ማስገባት አይፈቀድም፤ የቦታው ጣሪያም 1 ጊጋባይት ነው። ድሃ የሆነ ሰው አሮጌ ጌም ይዞ አዲስ ነገር የሚያገኘው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ከስካይሪም ቀጥሎ ሁለተኛው ምክሬ «ዊቸር 3» ነበር፤ የግንቦት 2015 ሥራ። እሱን ስጠቅስ ሁልጊዜ ሠሪዎቹ ትዝ ይሉኛል። ሲዲ ፕሮጄክት የሚባለውን ድርጅት ማርቺን ኢቪንስኪና ሚሃው ኪቺንስኪ በ1994 ዋርሶ ላይ ሲያቋቁሙ፣ ፖላንድ እንደ እኛ ጌም የሚቀዳባት፣ በየገበያው ቅጂ የሚቸበቸብባት አገር ነበረች። ሕዝቡ ኦሪጅናል የማይገዛው ለምንድን ነው ብለው ፖሊስ አልጠሩም። በ1999 የመጀመሪያውን ባልደርስ ጌት በፖላንድ ቋንቋ፣ በታወቁ ተዋንያን ድምፅ፣ ከካርታና ከመጽሐፍ ጋር በሳጥን አድርገው አቀረቡት፤ ሕዝቡም ከቅጂው ይልቅ እሱን መረጠ። ከዚያ የራሳቸውን ጌም መሥራት ጀመሩ። መርካቶ ውስጥ ሃርድ ዲስክ ይዞ ጌም በጊጋ ሒሳብ የሚጭን ልጅ ይህን ታሪክ ቢሰማ ደስ ይለኛል። ካሜሩን ውስጥም ኪሮኦ ጌምስ የሚባሉ የያውንዴ ልጆች በ2016 «ኦሪዮን» የተሰኘ አፍሪካዊ ሮል ፕሌይንግ አውጥተዋል፤ ያወጡትም ለኮምፒውተር ነው። የኮንሶል በር የሚከፈተው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ማውጣት የሚፈልግ ግን ያን ያህል ደጅ መጥናት የለበትም።

ኦሪጅናሉን በምን ይግዙት ትሉኝ ይሆናል። ዋጋው በዶላር ነው፤ አብዛኛው የእኛ ካርድ አያልፍም። ውጭ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ ሲልክ ነው የሚሆነው። ዊቸር 3 በቅናሽ ሰሞን ከ10 ዶላር በታች ይወርዳል፤ አክስታቸው አንድ ቀን ከሽቶ ፋንታ እሱን ብትልክ ምን አለበት?

ግዢው ላይ አብሬያቸው ሄድኩ። ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ነው የመረጥነው፤ ለቢሮ የተሠራ፣ ከበድ ያለ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው። ሻጩ «ጌም ይጫወታል፣ ሁሉንም!» አለ። ሁሉም ሻጭ እንዲህ ይላል። እህትየውን አስቀድሜ አስጠንቅቄያታለሁ፤ ታስክ ማናጀሩን ከፈተች፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ነካች፣ ጂፒዩ 0 ብቻ ሳይሆን ጂፒዩ 1 የሚልም መኖሩን አየች። ከዚያ ጥቁሩን የትእዛዝ መጻፊያ ከፍታ የባትሪ ሪፖርት አዘዘች። ሪፖርቱ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ መለሰችው። ሻጩ «ባትሪ እኮ ይገዛል» ሲል «እንግዲያው ዋጋው ይቀንስ» አለችው። አልቀነሰም። ሁለተኛው ደህና ነበር። ስካይሪምን ከፍላሽ ላይ አስነሥተን ሩብ ሰዓት ያህል አስጋለብነው፤ ከታች ያለው ብረት እጅ የሚያቃጥል መሆን አለመሆኑን በመዳፌ ዳሰስኩ። ሞቀ እንጂ አላቃጠለም። ገዛን።

ወንድምየው መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ ነበር። ተሸነፍኩ ብሎ ነው። ሱቄ ስንደርስ ወዳጄ ከቤቱ አንድ ያረጀ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ይዞ ጠበቀን። የግራ አናሎጉ ትንሽ ይንሸራተታል፤ በአልኮል ጠርጌ አስተካከልኩት። በዩኤስቢ ሰካነው፣ ስቲም የሚባለው የጌም መደብር ፕሮግራምም ወዲያው አወቀው። ኤችዲኤምአይ ገመድም ሰጠሁት፤ እናትየው ቃናን ጨርሳ ስትተኛ፣ የእሱም ፈረቃ ያልሆነ ሌሊት ሲገኝ፣ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ፍራሹ ላይ መጋደም ይችላል። ከኮንሶሉ የፈለገውን ሁለት ነገር፣ ጆይስቲኩንና ትልቁን ስክሪን፣ ያኔ አገኘ ማለት ነው።

ላፕቶፕ ይሻላል ብዬ ለሁሉም እንዳላወጅሁ ግን ይመዝገብልኝ። ቤታችሁ ልጅ የሚሰበሰብበት ከሆነ፣ የምትወዱት ኳስና ድብድብ ከሆነ፣ ተርፎ የሚቀመጥ ሁለተኛ ቴሌቪዥንና ስታብላይዘር ካላችሁ፣ ፕሌይስቴሽን ግዙ፤ ያውም ዲስክ የሚቀበለውን፣ ዲስክ አልባውን ሳይሆን። ትምህርት ወይም ሥራ የሌለበት፣ ለጌም ብቻ የሚገዛ ላፕቶፕም ለዚህ ኑሮ ውድ ነው። ግን አንድ ሰው ብቻውን ረጅም ታሪክ ልኑር ካለ፣ አገሩም ኢትዮጵያ ከሆነ፣ ቤቱም ባለ አንድ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ፍርዴ ላፕቶፕ ነው፤ ጌሙም ከላፕቶፑ ዕድሜ የማያንስ አሮጌ ይሁን።

ላፕቶፑን ለሰው ስታውሱ፣ ወይ እኔን መሰል ጠጋኝ ጋ ለፎርማት ስትወስዱ ደግሞ ሴቩን አስቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የስካይሪም ሴቭ ያለው ዶክመንትስ ውስጥ ነው፤ ማይ ጌምስ የሚለውን ፎልደር ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ።